ኩሬያችሁ ላይ ዓሳ እንዳይታመም ብራችሁን የቱ ላይ ታውሉታላችሁ? ክትባት፣ ፕሮባዮቲክ፣ አንቲባዮቲክ፣ ጨው ወይስ ውሃው (ሀዋሳና ዙሪያዋ ላላችሁ)

ባለፈው ቱላ አካባቢ ሁለት የጂኦሜምብሬን (ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈበት) ኩሬ ያለው ልጅ ደወለልኝና "ወንድሜ፣ እጄ ላይ ትንሽ ብር አለ፣ ዓሳዎቼ እንዳይታመሙ ምን ልግዛ? ክትባት ነው ሚሻለው፣ ፕሮባዮቲክ ነው ወይስ መድሃኒት ገዝቼ ላስቀምጥ?" አለኝ። በስልክ የቻልኩትን ነገርኩት። በኋላ ሳስበው ግን እኔም ስጀምር ይሄንኑ ጥያቄ ለስንት ሰው ጠይቄ ነበር፣ ሁሉም እሱ ጋ ያለውን እቃ ነው የሚነግረኝ፣ መኖ የሚሸጠው መኖ ነው ይለኛል መድሃኒት የሚሸጠው መድሃኒት ነው ይለኛል፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄ ላንተ ይሆናል ይሄ ላንተ አይሆንም ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው ሀዋሳ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወይም አምባዛ በኩሬ ለሚያረባ ሰው ነው፣ እንደ አርባ ምንጭ ዝቅ ያለና ሞቃት ቦታ ያላችሁ ግን ስለ ብርዱ የምለውን ቀነስ አድርጋችሁ ስለ ስትሬፕቶኮከስ (ሞቃት ውሃ ላይ የሚበረታ ባክቴሪያ) የምለውን ጨመር አድርጋችሁ አንብቡት።

አማራጮቹን ከማወዳደራችን በፊት ዓሳ ራሱን ከበሽታ እንዴት እንደሚጠብቅ ካልገባን ሁሉም እቃ አንድ ይመስለናል። ዓሳ ስትይዙት እጃችሁን የሚያሟልጨው ፈሳሽ አለ አይደል፣ ዋናው አጥሩ እሱ ነው። ውስጡ ላይሶዛይም የሚባል የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቦረቡር ኢንዛይም አለ፣ ሌሎችም ጀርም ገዳይ ፕሮቲኖች አሉ፣ ፀረ-እንግዳ አካልም አለበት። እሱን ያለፈ ጀርም ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል። ዓሳ እንደኛ ደም የሚሰራ የአጥንት መቅኔ የለውም፣ ንፍፊት የምንለው ሊምፍ ኖድም የለውም፣ ያንን ስራ የሚሰሩለት የኩላሊቱ የፊተኛው ክፍል፣ ጣፊያውና ታይመስ የሚባለው እጢ ናቸው። ፀረ-እንግዳ አካል ማምረት ይችላል፣ ዋናው አይጂኤም የሚባለው ነው፣ ግን ከኛ ይልቅ ቀስ ይላል፣ ሲደጋገምም የኛን ያህል አያድግም። ለዚህ ነው ዓሳ በአብዛኛው የሚኖረው ከተወለደ ጀምሮ ባለው አጠቃላይ መከላከያው ነው የሚባለው።

ሁለተኛውና ለኛ ትልቁ ነገር ሙቀት ነው። ዓሳ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ የመከላከል አቅሙም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ፀረ-እንግዳ አካል የሚያመርትበት ጊዜ ይረዝማል። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው፣ ከ20 በታች ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፣ ወደ 16 እና 17 ሲጠጋ ጭራሽ ያቆማል። ሀዋሳ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ ቀን ቢሞቅም ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሐይቁ ትልቅ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል ትንሽ ኩሬ ግን ሌሊቱን በሙሉ ስትቀዘቅዝ ነው የምታድረው። መጽሐፍ ላይ ያለው ምክር አብዛኛው የሞቃት ሀገር ምክር ነው፣ በሞቃት ውሃ የሚመጣ በሽታን የሚያስቀድም፣ የኛ ደካማ ጎን ግን ታህሳስና ጥር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሶስተኛው ጭንቀት ነው። ዓሳ ሲጨናነቅ፣ በመረብ ሲዋከብ፣ ኦክሲጅን ሲያጥረው ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ይሄ ሆርሞን ለቀናት ከፍ ብሎ ሲቆይ የመከላከያ ሴሎቹን ስራ ያዳክማል። ኩሬው ውስጥ ድሮም የነበረው ኤሮሞናስ ሀይድሮፊላ የሚባል ባክቴሪያ፣ ድሮም የነበረው ፓራሳይት (ጥገኛ ተባይ) ያኔ ነው እድል የሚያገኘው። ኤሮሞናስ ማንኛውም ኩሬ ውስጥ አለ፣ ከውጪ የመጣ ጠላት አይደለም።

እሺ አሁን ወደ ንጽጽሩ።

ውሃውና ቁጥሩ

ይሄ እቃ ስላልሆነ ማንም አይሸጥላችሁም፣ እኔ ግን ከሁሉም በፊት ብር ይዋልበት የምለው እሱ ነው፣ ምክንያቴንም ልንገራችሁ። ኦክሲጅን በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ ይሁን፣ ከ3 ሲወርድ ዓሳው ባይሞትም መብላትም በሽታ መቋቋምም ያቅተዋል። ዝቅ የሚለው ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ምክንያቱም አልጌው ቀን ኦክሲጅን ይሰራል ማታ ደግሞ ራሱ ይጠቀመዋል፣ ስለዚህ ኩሬያችሁን ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አይታችሁ ደህና ነው አትበሉ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ እዩት፣ ዓሳው አፉን ውሃው ላይ አውጥቶ የሚስብ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሞኒያ ደግሞ እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስላለን የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። የውሃችን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ወደ ላይ ያደላል፣ ከሐይቁ ከሳባችሁ በተለይ። ኩሬ ውስጥ ያለው አሞኒያ ሁሉ መርዝ አይደለም፣ መርዙ አንዱ ክፍል ነው፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ሲሆን ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም፣ 8 ሲሆን ከመቶ 5 ገደማ ይሆናል፣ 9 ሲደርስ ከመቶ 36 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ቴስት ኪቱ ላይ ያየው ቁጥር ምንም ያላደረገው ሆኖ እናንተን ግን ያው ቁጥር ሊገድልባችሁ ይችላል፣ አሞኒያን ከፒኤች ለይታችሁ አታንብቡ። አልጌ የበዛበት አረንጓዴ ኩሬ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ስለሚጨምር ከሰዓትም ለኩ። የፒኤችና የአሞኒያ ኪት አንዴ ከተገዛ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፣ ቱላ ላለው ልጅ መጀመሪያ ግዛ ያልኩት እሱን ነው።

ቁጥር ላይ ሰው ይሳሳታል። ብዙዎቻችን የዐቢይ ጾምን ገበያ አስበን ነው የዓሳ ጫጩት የምንጨምረው፣ ያ ማለት ዓሳው ትልቅ የሚሆንበት ኩሬውም ጢም የሚልበት ጊዜ በትክክል ታህሳስና ጥር ላይ ይወድቃል፣ ብርዱም እዛው ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ለጾም የማደርሰውን ዓሳ ኅዳር ሳይጋመስ በየኩሬው እከፋፍለዋለሁ፣ ከዛ በኋላ መረብ አላስገባም። ይሄን ያስተማረኝ ኪሳራ ነው፣ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ጫጩቱ ከየት ነው የመጣው

ይሄ ከውሃው ቀጥሎ ነው፣ አንዳንዴም እኩል ነው። ቲላፒያ ሌክ ቫይረስ የሚባለው በሽታ በሳይንስ ተለይቶ የተገለጸው በ2014 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል ነው፣ ከዛ ወዲህ እስያና ላቲን አሜሪካ ውስጥ ተገኝቷል፣ አፍሪካም ውስጥ ግብጽና ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተዘግቧል። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ የሚያድን መድሃኒትም የለውም፣ ማድረግ የሚቻለው አለማስገባት ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጪ የመጣ ነው፣ ዘሩ የተሻሻለ ነው ተብሎ በውድ የሚሸጥ ጫጩት ስታገኙ ከማድነቃችሁ በፊት የጤና ወረቀቱን ጠይቁ።

የተመረጠ ዘር ጥሩ ነገር መሆኑን ግን አልክድም። ቆሮሶ ላይ በተሰሩ የዘር ምርምሮች ስትሬፕቶኮከስን የመቋቋም አቅም ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ታይቷል፣ በምርጫ ማሻሻል ይቻላል ማለት ነው፣ እንደ ክትባት በየዙሩ የማይከፈልበት ጥቅም ነው። ችግሩ አንዱን በሽታ የሚቋቋም ዘር ሌላውንም ይቋቋማል ማለት አይደለም፣ እኛ ጋ ደግሞ ብርድ የሚችል መሆኑ ይቀድማል። የአካባቢውን ብርድ የለመደ ዘር ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትጣሉት።

የትኛውንም ጫጩት ብታመጡ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። አንድ 500 ሊትር ሮቶ ወይም ትንሽ ኩሬ ይበቃል፣ መረቡና ባልዲው ግን የራሱ ይሁን፣ እኔ የማያቸው ሰዎች ዓሳውን ለይተው መረቡን ከዋናው ኩሬ ጋር ይጋሩታል፣ እንደዛ ከሆነ አልለያችሁትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ አሞራ ገደል ሄዶ የዓሳ አንጀትና ጭንቅላት በነጻ ሰብስቦ ለአምባዛ መስጠት የተለመደ ነው፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ግን ጥሬውን ከሰጣችሁ የሐይቁን በሽታ በእጃችሁ ኩሬያችሁ ውስጥ ጨመራችሁት ማለት ነው። በደንብ ቀቅሉት። ወፎችም እንደዛው ናቸው፣ ኮንትራሲየም የሚባለው ትል የሀዋሳ ሐይቅ ዓሳ ላይ የታወቀ ነው፣ ትልቅ ሆኖ የሚኖረው ዓሳ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፣ እነ ፔሊካን ኩሬያችሁ ላይ እንዳይወርዱ መረብ መዘርጋት ከየትኛውም የትል መድሃኒት ይረክሳል።

መኖ ውስጥ የሚጨመሩት፦ ቤታ ግሉካን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፕሮባዮቲክ

እዚህ ላይ ምርምሩ በጣም ብዙ ነው፣ ማስታወቂያው ደግሞ ከምርምሩ ይበዛል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቤታ ግሉካን ከእርሾ ሴል ግድግዳ የሚወጣ ነው። የዓሳው ነጭ የደም ሴል ሲያገኘው ጀርም የመጣ መስሎት ይነቃል፣ የመዋጥ አቅሙ ይጨምራል፣ ላይሶዛይሙም ከፍ ይላል። የሚሰራው ለየትኛውም ጀርም ነው፣ ክትባት ለአንድ በሽታ ብቻ እንደሚሆነው አይደለም፣ ጥንካሬው እሱ ነው፣ ድካሙ ደግሞ አያስታውስም፣ ማብላት ካቆማችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓሳው ወደነበረበት ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ መስጠት ደግሞ የባሰ ነው፣ ሁልጊዜ የነቃ ሴል ይደክማል፣ መጠኑ ሲበዛም መከላከያውን ዝቅ ያደረገባቸው ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ችግር ከሚመጣበት ጊዜ ሁለት ሶስት ሳምንት አስቀድሞ ነው የሚሰጠው፣ ለኛ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ማለት ነው፣ ወይም ዓሳ ከማዘዋወር በፊት። ንጹሁ ቤታ ግሉካን ከውጪ ስለሚመጣ ውድ ነው። ደረቅ የዳቦ እርሾስ? እኩል አይደለም፣ ግን ባዶም አይደለም፣ ግብጽ ውስጥ ትንንሽ ቆሮሶ ላይ በተሰራ ጥናት በኪሎ መኖ 1 ግራም የዳቦ እርሾ የበሉት ካልበሉት በተሻለ አድገው ኤሮሞናስንም ተቋቁመዋል። በትንሽ ብር መሞከር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ቅር አይለኝም።

ቫይታሚን ሲ ላይ አልከራከርም፣ ፍየልና በግ ራሳቸው ይሰሩታል፣ ቆሮሶም አምባዛም ግን አይሰሩትም፣ ከመኖ ነው የሚያገኙት። ችግሩ በሙቀትና በጊዜ ይጠፋል፣ ስድስት ወር ጎተራ የተቀመጠ ፔሌት (እንክብል መኖ) ጆንያው ላይ ቫይታሚን ሲ ተብሎ ቢጻፍም ውስጡ ላይኖር ይችላል። አዲስ መኖ በትንሽ በትንሹ መግዛት አሮጌ መኖ ላይ ዱቄት ከመነስነስ ይሻላል።

ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ሁለቱም ዓሳ ላይ የተጠኑ ናቸው፣ ጥሩ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ ግን መጠኑም አዘገጃጀቱም ከጥናት ጥናት ስለሚለያይ ይሄን ያህል ጨምሩ ብዬ ቁጥር መስጠት አልደፍርም፣ እናቶቻችን ለጉንፋን እንደሚሰጡን አጋዥ ነው ብላችሁ ያዙት።

ፕሮባዮቲክ (በመኖ የሚሰጥ ጠቃሚ ባክቴሪያ) ላይ ግን ሁለት አይነት መኖሩን እወቁ። የባሲለስ ዘሮች ስፖር (ሙቀትና ድርቀት የሚችል ጠንካራ ዘር መሳይ ነገር) ስለሚሰሩ የፔሌት ማሽኑንም ጎተራውንም ይችላሉ፣ ላክቶባሲለሶቹ ደግሞ ሙቀት አይችሉም፣ ስለዚህ ሞቃት መጋዘን ውስጥ የከረመ የላክቶባሲለስ ፓኬት የሞተ ዱቄት ሊሆን ይችላል፣ የምትገዙ ከሆነ ባሲለስ ግዙ። አንጀት ውስጥ ቦታ ይዘው መጥፎውን ባክቴሪያ ያጨናንቁታል፣ የአንጀቱንም መከላከያ ያነቃቃሉ፣ ግን አንጀት ውስጥ ለዘለቄታው አይሰፍሩም፣ ማብላት ስታቆሙ ይወጣሉ፣ ወጪው ቋሚ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው እርጎ ኩሬ ውስጥ ሲደፋ አይቻለሁ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ወተት ሲበሰብስ ኦክሲጅን ይበላል፣ ጠዋት ዓሳው አፉን አውጥቶ ታገኙታላችሁ።

እዚሁ መኖ ላይ እያለን ማንም የማያነሳውን ላንሳ፣ ፋጉሎ። እኛ ጋ ብዙ ሰው ፋጉሎና ፉርሽካ ቀላቅሎ ነው መኖ የሚሰራው፣ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን እርጥብ ቦታ የተቀመጠ ፋጉሎ ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመርታል፣ አፍላቶክሲን ደግሞ የዓሳውን ጉበት ይጎዳል መከላከያውንም ያዳክማል። ሰውየው በአንድ እጁ ውድ ቤታ ግሉካን እየጨመረ በሌላ እጁ ሻጋታ ያበላል። ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ የሸተተውን ጣሉት፣ ለዶሮም አትስጡት።

ክትባት

ክትባትን የምወደው በውጤቱ ነው። የኖርዌይን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የሳልሞን አርቢዎቻቸው ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ይጠቀሙ ነበር፣ የሚያመርቱት ዓሳም ገና ትንሽ ነበር፣ ጥሩ ክትባት ሲመጣላቸው ምርቱ ከሚሊዮን ቶን በላይ አድጎ አንቲባዮቲኩ ግን ከመቶ 99 በላይ ቀነሰ። ቦታ መምረጥና የማርቢያ ቦታውን ማሳረፍም ረድቷቸዋል፣ ዋናው ግን መርፌው ነው። የዓሳ ክትባት ሙከራ ራሱ አዲስ አይደለም፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ትራውት ላይ በመኖ የሚሰጥ ክትባት ተሞክሮ ነበር፣ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው።

አሰጣጡ ሶስት አይነት ነው። መርፌ ሆድ ውስጥ ይወጋል፣ ጥበቃው ጠንካራና ረጅም ነው፣ ግን ዓሳው በማደንዘዣ ይተኛል፣ አንድ በአንድ ይያዛል፣ ከ15 ግራም በታች ለሆነ ጫጩት አስቸጋሪ ነው። መንከር፣ ማለትም ጫጩቱን ክትባት የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ መዘፍዘፍ፣ ለብዙ ትንንሽ ዓሳ ምቹ ነው፣ ጥበቃው ግን አጠር ይላል። በመኖ የሚሰጠው ለአርቢው ቀላሉ ነው፣ ዓሳውንም አያስጨንቅም፣ ነገር ግን ሆድ ውስጥ አሲዱ ስለሚሰብረው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፣ ተመራማሪዎቹ አሁን የሚለፉት ክትባቱን ሸፍነው አንጀት ድረስ እንዴት እናድርሰው በሚለው ላይ ነው።

እና ለኛስ? ለቆሮሶ ገበያ ላይ ያለው ክትባት በዋናነት የስትሬፕቶኮከስ ነው፣ እስያና ላቲን አሜሪካ ሞቃት ውሃ ላይ ብዙ ዓሳ የሚጨርስባቸው በሽታ እሱ ስለሆነ። ስትሬፕቶኮከስ የሚበረታው ውሃው ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። እኛ ኩሬ ውስጥ የምናየው ደግሞ በአብዛኛው ቁስል፣ ፈንገስና የቆዳ ፓራሳይት ነው። አንድ ክትባት የሚከላከለው የተሰራበትን ጀርም ነው፣ አንዳንዴም የዛኑ ጀርም አንዱን አይነት ብቻ፣ ስለዚህ የገደለባችሁን ጀርም ስሙን ሳታውቁ ክትባት መግዛት በር ሳትለኩ ቁልፍ እንደማስቀረጽ ነው። ማቀዝቀዣ ሰንሰለቱ፣ መርፌው፣ የሰለጠነ እጁ ሲደመር ሁለት ኩሬ ላለው ሰው አያዋጣም፣ ይሄን በግልጽ ለልጁም ነግሬዋለሁ። ጫጩት አምርቶ ለብዙ ሰው ለሚያከፋፍል ድርጅት ግን ስሌቱ ሌላ ነው፣ አንዴ ከትቦ ለመቶ ኩሬ ያደርሳል፣ እዛ ላይ መንግስትም ዩኒቨርሲቲውም ቢገፉበት በጣም ደስ ይለኛል።

ክትባት የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ በብርድ አትስጡ፣ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ፀረ-እንግዳ አካሉ ይዘገያል፣ በሞቀው ወቅት ሰጥታችሁ ቢያንስ ሁለት ሶስት ሳምንት ጠብቁት።

አንቲባዮቲክ

ያልኳችሁ ኪሳራ ይሄ ጋ ነው የሚገባው። የመጀመሪያው ዓመት ጥር ላይ ዓሳ በማለዳ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው በመረብ አዘዋወርኩ፣ ቅርፊታቸው ተላጠ፣ በአራተኛው ቀን ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር በቀለባቸው። አንድ የእንስሳት መድሃኒት ቤት ሄጄ ስናገር ዓሳውን ሳያይ ኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ሰጠኝና ውሃው ላይ በትነው አለኝ። በተንኩት። ሞቱ ቀጠለ። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ጥጥ ሳፕሮሌግኒያ የሚባል ፈንገስ መሳይ ነገር ነው፣ አንቲባዮቲክ ጭራሽ አይመለከተውም፣ ብርድና ቁስል አንድ ላይ ሲሆኑ የሚመጣ ነው። ደግሞ ኦክሲቴትራሳይክሊን ውሃ ውስጥ ካለ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ይያያዛል፣ እንዲህ በተበተነ ጊዜ ዓሳው ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፣ የባክቴሪያ በሽታ ቢሆን እንኳን ትርጉም ያለው ስራ አይሰራም ነበር።

አንቲባዮቲክ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ባክቴሪያ መሆኑ በላብራቶሪ ከተረጋገጠ፣ የትኛው መድሃኒት እንደሚገድለው ከታየ፣ በመኖ ተቀላቅሎ በባለሙያ ትእዛዝ ከተሰጠ ያድናል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ለምሳሌ በአንድ ኪሎ ዓሳ በቀን ከ55 እስከ 80 ሚሊግራም አካባቢ ለ10 ቀን ነው፣ ኩሬያችሁ ውስጥ ስንት ኪሎ ዓሳ እንዳለ ካላወቃችሁ ይሄን ማስላት አትችሉም። የታመመ ዓሳ ደግሞ አይበላም፣ መድሃኒቱን የሚበላው ገና ያልታመመው ነው፣ ስለዚህ ዋጋ የሚኖረው ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ነው።

ከዛ በኋላ የመቆያ ጊዜ አለ። አውሮፓ ውስጥ ለዓሳ የራሱ የመቆያ ጊዜ ላልተቀመጠለት መድሃኒት ለረጅም ጊዜ ሲሰራበት የነበረው ስሌት ቢያንስ 500 ዲግሪ-ቀን ነው፣ የውሃው ሙቀት በቀን ቁጥር ተባዝቶ ማለት ነው፣ ውሃው 25 ከሆነ 20 ቀን፣ 20 ከሆነ 25 ቀን ዓሳው አይሸጥም። ጾም መግቢያ ላይ የታከመ ዓሳ ጾም መግቢያ ላይ አይሸጥም። እኛ ከተማ ዓሳ በጥሬው በዳጣ የሚበላበት ከተማ ስለሆነ ደግሞ ይሄ ጉዳይ ያሳስበኛል፣ ብንቀቅለውም ሙቀቱ መድሃኒቱን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል ማለት አይደለም። ክሎራምፌኒኮል ማንም ቢሰጣችሁ አትንኩት፣ ለሚበላ እንስሳ በብዙ ሀገር የተከለከለ ነው፣ ማላካይት ግሪን የሚባለው ቀለምም እንደዛው።

ሌላም አለ። የሀዋሳ ሐይቅ ከላይ መውጫ የለውም፣ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ ወደ የትም የሚሄድ ወንዝ የለውም። ሐይቁ ዳር ካለ ኩሬ የምንለቀው ውሃ የያዘውን ይዞ እዛው ነው የሚቀረው፣ መድሃኒት የለመደ ባክቴሪያም አብሮ።

ጨውና ሌሎች መዘፍዘፊያዎች

ለትንሽ አርቢ የቆዳና የጉሮሮ ላባ (ዓሳው የሚተነፍስበት) ፓራሳይት ላይ፣ ፈንገስ ላይ፣ ከጉዞ በኋላ ለሚመጣ ጭንቀት ጨውን የሚያክል ነገር የለም። ቆሮሶ ጨው ይችላል። በሊትር 10 ግራም ከ10 እስከ 30 ደቂቃ አጭር መዘፍዘፊያ ነው፣ 500 ሊትር ሮቶ ውስጥ 5 ኪሎ ጨው ማለት ነው፣ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ፣ ዓሳው ሚዛኑን ስቶ መንጋለል ከጀመረ ወዲያው አውጡ። ለማጓጓዣ ከ1 እስከ 3 ግራም በሊትር ይበቃል። ሙሉ ኩሬ ላይ ግን አይሆንም፣ 10 በ10 የሆነ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100,000 ሊትር ነው፣ በሊትር 3 ግራም ብትሉ እንኳን ሶስት ኩንታል ጨው፣ ውሃው ሲለቀቅ ደግሞ የጎረቤት ጓሮ ያደርቃል።

ፎርማሊን ፓራሳይት ላይ ከጨው ይበረታል፣ ግን ኦክሲጅን ይቀንሳል፣ ለሰውም ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ነፋሻ ቦታ ላይ በጓንት ካልሆነ አትጠቀሙ፣ ብርድ ላይ ነጭ ዝቃጭ የሰራ ጠርሙስ ደግሞ ጭራሽ አትክፈቱ፣ ያ ዝቃጭ ለዓሳ ከፎርማሊኑ የባሰ መርዝ ነው። ኖራ ዓሳ ባለበት ሳይሆን ኩሬው ባዶ ሆኖ ሲደርቅ ነው፣ የአፈር ኩሬ ወለል ላይ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ግራም ያልጠፋ ኖራ በትናችሁ ፀሀይ አስመቱት። ጂኦሜምብሬን ከሆነ መታጠብና መድረቅ ይበቃዋል።

ታዲያ ማን ምን ይምረጥ

አንድ ሁለት ኩሬ ያለው ሰው፦ ኪት፣ የወፍ መረብ፣ ለይቶ ማቆያ ሮቶ፣ አንድ ጆንያ ጨው፣ ትኩስ መኖ። ከዚህ የተረፈ ብር ካለ ለጥቅምትና ኅዳር እርሾ ወይም ቤታ ግሉካን። በቃ። ብዙ ኩሬ ያለውና ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ሰው የባሲለስ ፕሮባዮቲክ ቢጨምር ይገባኛል፣ ግን አንዱን ኩሬ ሳይጨምር ትቶ ያወዳድር፣ አለዚያ መስራቱን በምን ያውቃል። ጫጩት የሚያመርት ሰው ወላጅ ዓሳውን ከሌላው ኩሬ ሁሉ ይለይ፣ ዘር ምርጫና ክትባት ላይ ማሰብ ያለበትም እሱ ነው። አምባዛ ብቻ የያዘ ሰው ኦክሲጅን ላይ ይቀለዋል፣ አምባዛ አየር ከላይ ስለሚስብ፣ ግን ቅርፊት ስለሌለው ቆዳው ለመዘፍዘፊያ ኬሚካል ስስ ነው፣ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ሁለት ሶስት ዓሳ ላይ ሳይሞክር ሁሉንም አይንከር፣ እርስ በርስ ስለሚነካከስም በመጠን እየለየ ያስቀምጥ።

አንቲባዮቲክ ለማንኛችሁም ተገዝቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። መሞት ከጀመረ መጀመሪያ ውሃውን ለኩ፣ ከዛ ናሙና ይዛችሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የዓሳና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን ጠይቁ፣ ሰበታ ደግሞ የዓሳ ምርምር ማዕከሉም የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩቱም አለ። ናሙና ስትወስዱ ሞቶ የተንሳፈፈውን አታንሱ፣ ሙቀት ላይ በጥቂት ሰዓት ስለሚበሰብስ ምን እንደገደለው አይታወቅም። በሽታው የሚታይበት ግን ገና የሚተነፍስ ሶስት አራት ዓሳ በኩሬው ውሃና አየር በተሞላ ወፍራም ፌስታል አድርጉ፣ መንገዱ ሩቅ ሆኖ የያዛችሁት ዓሳ ከሞተባችሁ ወዲያውኑ በረዶ ላይ አድርጉት፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት፣ ከኩሬው ደግሞ ለብቻው አንድ ሀይላንድ ውሃ ቅዱ፣ ላዩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያን ጠዋት የለካችሁትን ሙቀትና ፒኤች ጻፉበት።